በአንድ እግር መዞር ለአስተማሪ ምን ይረባዋል?



ከአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል፣ በግድግዳው ላይ፣ ከወገብ ጥቂት ከፍ ብሎ የተገጠመ አንድ የባሕር ዛፍ አጣና አለ። አጣናው ተልጧል፤ በብርጭቆ ስባሪ ተፍቆ ለስልሷል፤ የብዙ ሰው መዳፍ ስለተመላለሰበትም ዛሬ እንደ አሮጌ ዱላ ያብለጨልጫል። በሰውነት ማጎልመሻና ጥበባት ክፍለ ጊዜያችን አንድ እጃችንን በዚህ አጣና ላይ አሳርፈን፣ በአንድ እግር ቆሞ መዞርን እንማራለን። ዙሩ ከባሌት ውዝዋዜ የተወሰደ ነው፤ በፈረንሳይኛ «ፒሩዌት» ይባላል። መደገፊያውን ደግሞ ባለሙያዎቹ «ባር» ይሉታል። ስሙ መጀመሪያ የተጠራ ዕለት «ታዲያ መጠጡ የት አለ?» ብሎ ክፍሉን በሣቅ የሞላ አልጠፋም። እኛ ግን አጣና እንለዋለን፤ አጣና ነዋ!

ሰሞኑን ነገሩ ከቀልድ አልፏል። «ይኸ ክፍለ ጊዜ ይቅርና ለሒሳብ ማጠናከሪያ ይዋል» የሚል ሐሳብ በመኝታ ክፍልም፣ በመመገቢያ አዳራሽም፣ በቧንቧው ሰልፍም ላይ ይሰማል። ሐሳቡን የሚሰነዝሩት ሰነፎች አይደሉም፤ እንዲያውም አንዳንዶቹ በትምህርታቸው የምንቀናባቸው ናቸው። ስለዚህ በሹክሹክታ ከመመላለስ በጽሑፍ መነጋገሩ ይሻላል ብለን፣ ከአጣናው ሥር የምንለማመደው ሠልጣኞች ይህን አስተያየት አቅርበናል።

አቋማችን ባጭሩ ይህ ነው፦ ሰዓቱ መቅረት የለበትም። ይህንን ስንል ከመካከላችን የባሌት ተወዛዋዥ ይወጣል ብለን አይደለም። አይወጣም፤ ባሌት በልጅነት የሚጀመር ሙያ ነው፣ እኛ ደግሞ ሀያ ዓመት የሞላን ሰዎች ነን። የምንለው ሌላ ነው። ነገ ጀማሪዎችን የምናስተምር እኛ፣ ራሳችን ምንም የማንችል ጀማሪዎች ሆነን የምንቆምበት ሰዓት በማሠልጠኛችን ውስጥ ይኸ ብቻ ነው። እሱ ከቀረ፣ አለመቻል ምን እንደሚመስል ረስተን ወደ ክፍል ልንገባ ነው።

ነገሩ ምንድን ነው?

ለማያውቁት ወገኖች አስቀድመን እናስረዳ። ዙሩን ከሩቅ የሚመለከት ሰው የሚያየው አንዲት ቅጽበት ብቻ ነው፤ ተነሣ፣ ዞረ፣ ቆመ። ይሁን እንጂ ቅጽበቷ ከብዙ ቁርጥራጮች የተገጣጠመች ናት። ተማሪው ጎኑን ለአጣናው ሰጥቶ ይቆማል፤ በዚያ በኩል ያለውን እጁንም በእንጨቱ ላይ ያሳርፋል። ሁለቱንም ጉልበቶች በልክ ያጥፋል፤ ተረከዞቹ ግን ከመሬት አይነሡም። ቀጥሎ የሚቆምበትን እግር ዘርግቶ ከጣቶቹ ሥር ባለው የውስጥ እግር ክፍል ላይ ይነሣል፤ ሁለተኛውን እግር አጥፎ የጣቱን ጫፍ ወደ ቆመው ጉልበት ያደርሳል። ጀርባ ቀጥ፣ ትከሻ ዝቅ፣ ሆድ ሰብሰብ ይላል። በዚህ ሁኔታ መቆም ከቻለ በኋላ ነው እጁን ከአጣናው አንሥቶ በመጀመሪያ ሩብ፣ ቀጥሎ ግማሽ፣ በመጨረሻም ሙሉ ዙር የሚሞክረው።

ራስም የራሱ ሥራ አለው። ራስ ከትከሻ ጋር አብሮ አይዞርም። ዓይን ከፊት ለፊት ባለ አንድ ምልክት ላይ ይተከላል፤ ሰውነት መዞር ሲጀምር ራስ ወደ ኋላ ቀርቶ ምልክቱን ማየት ይቀጥላል፤ አንገት ከዚያ ወዲያ አልሄድ ሲል በፍጥነት ይዞርና ከሰውነት ቀድሞ ያንኑ ምልክት እንደገና ይይዛል። የእኛ ምልክት በግድግዳው ላይ በጠመኔ የተሠራች አንዲት ክብ ነች።

መምህራችን ይህን ሁሉ በአንድ ቀን አላፈሰሱብንም። በመጀመሪያዎቹ 3 ሳምንታት ማንም አልዞረም። ቆምን ብቻ! «እኛ እኮ መቆም እናውቃለን፤ በግ ስንጠብቅ ቀኑን ሙሉ ቆመን አይደል እንዴ ያደግነው?» ያለ የመንዝ ልጅ ነበር። መምህራችን ፈገግ ብለው «ዱላ ተደግፈህ ነዋ! እስቲ ዱላውን ጥለህ በአንድ እግርህ ቁም» አሉት። ቆመ፤ አምስት ሳይቆጠር ሌላው እግሩ መሬት ነካ። ከዚያ ወዲህ «መቆም እናውቃለን» ያለ የለም።

ከዚያ የእጅ ተራ መጣ። መጀመሪያ አጣናውን በሙሉ መዳፍ ያዝን። ቀጥሎ በሁለት ጣት፤ ከዚያ በአንድ ጣት። ኋላም እጃችን ከእንጨቱ በላይ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል ርቆ እንዲንሳፈፍ ታዘዝን። አጣናው እዚያው ነው፤ የተንገዳገደ ሰው ወዲያው ይይዘዋል፤ ግን አይነካውም። በመጨረሻ እጅ ወደ ፊት ተሰብስቦ አጣናው የግድግዳ ጌጥ ብቻ ሆኖ ቀረ። ይህችን ቅደም ተከተል አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስባታለን።

ለምን ይከብዳል?

እናቶቻችን ለባና የሚሆነውን የበግ ጠጉር ሲፈትሉ ያየ ሰው መልሱን ግማሽ ያውቀዋል። ዘንጓ ቀጥ ያለች እንዝርት በአንድ ቦታ ረግታ ትሽከረከራለች፤ ዘንጓ የጎበጠች ግን ትንቀጠቀጣለች፣ ክሩንም ትበጥሳለች። የሰው አካልም እንደዚሁ ነው። ክብደቱ በቆመበት እግር አናት ላይ በትክክል ከተደረደረ ትንሽ ግፊት ይበቃዋል፤ ወገቡ ወደ ጎን ከወጣ ወይም ደረቱ ወደ ኋላ ከተንጋለለ ግን የፈለገውን ያህል ቢገፋ አወዳደቁን ከማፋጠን በቀር የሚያተርፈው ነገር የለም። ጀማሪ ግን ሁልጊዜ በጉልበት ሊያደርገው ይሞክራል። እጆቹን ይወረውራል፤ አካሉም እጆቹን ተከትሎ ይሄዳል። ዙሩ የሚፈጥነው እጆች ወደ ደረት ሲሰበሰቡ መሆኑን የፊዚክስ ትምህርት ያስረዳናል፤ በሚሽከረከር ወንበር ላይ ተቀምጦ እጁን የዘረጋና የሰበሰበ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለተኛው ችግር ማዞሩ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ፈሳሽ ያለባቸው 3 ግማሽ ክብ ቱቦዎች አሉ። ሰውነት መዞር ሲጀምር ፈሳሹ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ሰውነት ሲቆም ደግሞ ፈሳሹ ለጥቂት ጊዜ ጉዞውን ይቀጥላል። ስለዚህ እግር ቆሞ ሳለ ጆሮ ለአንጎል «ገና እየዞርን ነው» የሚል መልእክት ይልካል። የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት የባሌት ተወዛዋዦችን ከጀልባ ቀዛፊዎች ጋር አነጻጽረው ነበር። ከዞሩ በኋላ ተወዛዋዦቹን የማዞሩ ስሜት ቶሎ ይለቃቸዋል፤ ከጆሮ የሚመጣውን መልእክት በሚቀበለው የትንሹ አንጎል ክፍል ላይም ልዩነት ተገኝቷል። በዓመታት ልምምድ አንጎላቸው ያንን መልእክት ችላ ማለት ለምዷል ማለት ነው። እንግዲህ ጀማሪውን ቢያዞረው ፈሪ ወይም ደካማ ሆኖ አይደለም፤ አንጎሉ ገና አልለመደም፣ አለቀ።

ልምምድ ምን ያህል እንደሚሠራ የባሌት ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። ጣሊያናዊቷ ፒየሪና ሌኛኒ እ.ኤ.አ. በ1893 በሴንት ፒተርስበርግ መድረክ በአንድ እግሯ 32 ተከታታይ ዙሮችን ስትዞር ተመልካች ጉድ አለ፤ በ1895 ደግሞ በ«ስዋን ሌክ» ባሌት ደገመችው። ብዙ ሳይቆይ ሩሲያዊቷ ማቲልዳ ክሼሲንስካያ ተለማምዳ ደረሰችበት። ዛሬ 32ቱ ዙር ከትልልቅ ባሌት ተወዛዋዦች የሚጠበቅ የተለመደ ሥራ ሆኗል። አንድ ሰው ብቻ ይችለዋል የተባለውን ብዙ ሰው ቻለው፤ ያስቻላቸውም ቅደም ተከተሉን ጠብቆ ያለማመዳቸው ትምህርት ነው።

«ከውጭ የመጣ ነው» ለሚሉት

ልክ ነው፣ ከውጭ የመጣ ነው። የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ የንጉሣዊ ውዝዋዜ አካዳሚን በፓሪስ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1661 ነው፤ የባሌት ቃላት እስከ ዛሬ ፈረንሳይኛ የሆኑት ከዚያ ወገን ስለመጡ ነው። ነገር ግን እግር ኳስም ሆነ መረብ ኳስ ከጓሳ ሣር ውስጥ አልበቀሉም። ጥቁር ሰሌዳና ጠመኔም እንደዚሁ። መጠየቅ ያለበት «ከየት መጣ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ያስተምረናል?» የሚለውም ጭምር ነው።

ደግሞስ በድጋፍ ቆሞ እንቅስቃሴን መማር ለእኛ አገር እንግዳ ነው እንዴ? የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት የሚይዟትን መቋሚያ እንውሰድ። ስሟ እንደሚናገረው መቆሚያ ናት፤ ረጅሙን ሰዓት በእግሩ ቆሞ ለሚያገለግል ሰው መደገፊያ። ዝማሜው ሲጀመር ግን ያችው መደገፊያ ከመሬት ትነሣለች፤ ከዜማው ጋር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትወዛወዛለች። ድጋፏ እንቅስቃሴ ሆነች። የአቋቋም ተማሪ ይህን ለማወቅ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ዜማውን በቃሉ ሳይዝ ወደ ዝማሜው አይዘልም። አለቃ ገብረ ሐናን በቀልዳቸው የማያውቅ የለም፤ የተክሌ ዝማሜ የሚባለው ሥርዓት ከእሳቸው የመነጨና በልጃቸው በተክሌ ስም የተጠራ መሆኑን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ይህን ስናነሣ ስለ እምነት ልንሰብክ ሳይሆን፣ በአገራችን የሰውነት እንቅስቃሴ መምህር፣ ደረጃና ትምህርት ቤት ያለው ዕውቀት ሆኖ መኖሩን ለማስታወስ ነው።

ወደ ዛሬው ዘመን ስንመጣም ምሳሌ አናጣም። እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው የውዝዋዜ መምህር ሮይስተን ማልዱም አዲስ አበባ ላይ ከመቶ የሚበልጡ ልጆችን ሰብስቦ፣ «ካርሚና ቡራና» በተባለው በካርል ኦርፍ ሙዚቃ አንድ ትልቅ ትርዒት አሳየ። አብዛኞቹ ኑሯቸውን በጎዳና የሚገፉ ነበሩ፤ እንዲህ ያለ ውዝዋዜም አይተው አያውቁም። ከዚያ ሥራ «አዱኛ» የተባለው የማኅበረሰብ ዳንስ ቴአትር ተወለደ፤ የተመረጡ ወጣቶች ለዓመታት ሠልጥነው፣ ራሳቸው ሌሎችን ወደ ማሠልጠን ተሸጋገሩ። ከነሱ አንዱ ጁናይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 ሮሌክስ የተባለው ድርጅት በሚያካሂደው የጥበባት መርሐ ግብር የታዋቂው ጃፓናዊ የውዝዋዜ ሰው የሳቡሮ ተሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆኖ ተመረጠ። ኋላም ከባልደረባው ከአዲሱ ደምሴ ጋር «ዴስቲኖ» የተባለውን የዳንስ ቡድን አዲስ አበባ ላይ አቋቁመዋል። ማልዱም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2003 በርሊን ውስጥ 250 ያህል ተማሪዎችን ከከተማይቱ ታላቅ የሙዚቃ ጓድ ጋር መድረክ ላይ አውጥቷል፤ ይኸው ሥራ በ2004 ዘጋቢ ፊልም ሆኖ ታይቷል።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ማልዱም ለአዲስ አበባ ልጆች አንድ ዓይነት፣ ለበርሊን ልጆች ሌላ ዓይነት ሰው ሆኖ አልቀረበም። ሁለቱንም ወደ መድረክ አወጣቸው። «ይኸ ለድኻ ልጅ አይሆንም» ብሎ ቢጀምር ኖሮ አዱኛ የሚባል ነገር ባልኖረ። እኛስ «ይኸ ለመንዝ ልጅ አይሆንም» የምንለው ማንን ጠይቀን ነው?

«ሰዓቱ ለሒሳብ ይዋል» ለሚሉት

ሒሳብን አንንቅም፤ የማንንቀውም ብዙዎቻችን ስለሚከብደን ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ እናቅርብ፦ ከመካከላችን «ለ»ን ከ«ሰ» መለየት የተማረበትን ቀን የሚያስታውስ ማን ነው? ማንም። ንባብ አብሮን የተወለደ ይመስለናል። ይህ ነው አደጋው። አለማወቁን የረሳ አስተማሪ በልጁ አለማወቅ ይናደዳል። «ሦስት ጊዜ አስረዳሁት እኮ!» ይላል። እንዲህ የሚል አስተማሪ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ከወዲያኛው ዳርቻ ሆኖ የቆመበትን ስለረሳው ነው።

በአጣናው ሥር ግን ሁላችንም ወደ ወዲህኛው ዳርቻ እንመለሳለን። መምህራችን ካስረዱ በኋላ «ገባችሁ?» ይላሉ። በአንድ ድምፅ «አዎ!» እንላለን። የዋሸ የለም፤ ገብቶናል። በል ተነሣና ዙር ሲባል ግን ጭንቅላት ያወቀውን እግር እምቢ ይላል። ነገ በመሐል ሜዳ ወይም በሞላሌ፣ በራቤል ወይም በዓለም ከተማ ዙሪያ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ከሰሌዳው ፊት ቆመን «ልጆች፣ ገባችሁ?» ስንል የሚመልሱልን ይህንኑ «አዎ!» ነው። በዚያ «አዎ» ረክቶ ሰሌዳውን የሚያጠፋ አስተማሪና «እስቲ እንይ፣ አንተ ና ሥራው» የሚል አስተማሪ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። መግባትና መቻል ሁለት መሆናቸውን መጽሐፍ ይነግረናል፤ የምናምነው ግን በገዛ እግራችን ላይ ሲደርስ ነው።

አሁን ወደዚያች የእጅ ቅደም ተከተል እንመለስ፤ መዳፍ፣ ሁለት ጣት፣ አንድ ጣት፣ የወረቀት ውፍረት፣ ባዶ እጅ። በክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥፋት አለ። አንደኛው ድጋፉን ፈጽሞ አለመልቀቅ ነው። አስተማሪው ያነባል፣ ክፍሉ በኅብረት ይከተላል፤ ዓመቱን ሙሉ እንዲሁ። ልጁ ገጹን በቃሉ ይወጣዋል፤ መጽሐፉን ገልብጠህ ብትሰጠውም ያነብልሃል! ብቻውን አዲስ ቃል ሲሰጠው ግን ዝም። እጁ ከአጣናው ተነሥቶ አያውቅማ። ሁለተኛው ጥፋት ድጋፉን ገና ሳይሰጡ መንሳት ነው። የመጀመሪያ ሰኞ «8 ሲደመር 5 ስንት ነው?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ያጣው ይሰደባል። ለዚህ ልጅ አጣናው ከነጭራሹ አልተተከለለትም።

መካከለኛው መንገድ በጣቶች ተራ የሚሄድ ነው። 8 ጠጠርና 5 ጠጠር በእጁ ይስጡት፤ ይኸ ሙሉ መዳፍ ነው። ቀጥሎ ጠጠሩን ትቶ በደብተሩ ላይ ጭረት ያስምር፤ ይኸ ሁለት ጣት ነው። ከዚያ ጭረቱን ዓይኑን ጨፍኖ ያስበው፤ ይኸ አንድ ጣት ነው። ጠጠሩ ግን ጠረጴዛው ላይ ይቆይ፤ ሲንገዳገድ ይይዘዋል። አንድ ቀን ሳይነካው ያልፋል። በዚያን ቀን አስተማሪው ጠጠሩን ካላነሣ፣ ልጁ ስድስተኛ ክፍልም ደርሶ ጣቱን ይቆጥራል። ታዲያ ይኸ የሒሳብ ትምህርት አይደለም ወይ? እኛ ከአጣናው ሥር የተማርነውን ያህል ግልጽ አድርጎ ስለ ሒሳብ አስተማመር የነገረን ሌላ ሰዓት ትዝ አይለንም።

ስለ ሣቅ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንምጣ። አንዲት እኅታችን በግማሽ ዙር ላይ ሳለች ተንገዳግዳ ወደቀች። አልተጎዳችም። ከመስኮቱ ውጭ የቆሙ ግን ጮኸው ሣቁ፤ አንዱም አወዳደቋን እያስመሰለ እስከ ማታ ሲያሳይ ዋለ። እኅታችን ለሁለት ሳምንት ወደ ክፍሉ አልመጣችም። ይህች እኅት ማን እንደሆነች ስም አንጠራም፤ ግን በሒሳብ የሚቸገሩትን ማታ ማታ ከምታስጠኑት አንዷ መሆኗን መናገር ይገባል። ሀያ ዓመት የሞላት፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰች፣ በትምህርቷ የምትከበር ሰው አንድ ሣቅ ለሁለት ሳምንት ካስቀረቻት፣ የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይሁን?

ልጁ እኮ ጠዋት በብርድ ተነሥቶ፣ ዳገት ወጥቶና ቁልቁለት ወርዶ ነው የሚመጣው። ቤት ውስጥ በግ ጠባቂ ይፈለጋል። ትምህርት ቤት መምጣቱን የሚያስመርጠው አንድ ነገር ቢኖር እዚያ ሲደርስ ሰው መሆኑ ነው። ሰሌዳው ፊት ተጠርቶ «ደደብ» ተብሎ ክፍሉ በሙሉ ከሣቀበት፣ በማግሥቱ በጉን መርጦ ቢቀር ማን ይፈርድበታል? በጉ አይሥቅበትም። ማጭድ ይዘን አንሄድም፣ ዱላም ላንይዝ እንችላለን፤ ሣቅን ካልከለከልን ግን ክፍሉን የምናራግፈው ራሳችን ነን።

እኅታችን ተመልሳለች። የተመለሰችውም ማንም ለምኗት አይደለም፤ ጓደኛዋ ጎን ለጎን ቆማ «እኔ እቆጥርልሻለሁ፤ አንቺ ክቧን ብቻ እያት» ስላለቻት ነው። ሙሉውን ዙር ከመካከላችን ቀድሞ የዞረ ማን ነው ብትሉን እሷ ናት አንልም፤ ገና ነች። ግን እጇን ከአጣናው አንሥታለች።

ትክክል የሆነ ቅሬታ

የተቃዋሚዎቻችን ሐሳብ ሁሉ ስሕተት ነው አንልም። ሴት ሠልጣኞች በመስኮት እየታዩ መለማመድ ያሳፍረናል ሲሉ እውነት አላቸው፤ የአገራችን ጨዋነት የሚናቅ ነገር አይደለም። ወለሉ ሲሚንቶ መሆኑም እውነተኛ ችግር ነው። በሸካራ ሲሚንቶ ላይ ሶለ ጎማ ጫማ አድርጎ መዞር እግርን ይይዝና ጉልበትን ይጠመዝዛል፤ ጠዋት በዚህ ብርድ ሳይሟሟቁ መጀመርም ለጅማት መልካም አይደለም። ቁርጭምጭሚቱ ከዚህ ቀደም የተጎዳ ሰው «ዙር» ተብሎ መገደድ የለበትም። ይህን ሁሉ እንቀበላለን። ግን እነዚህ ሰዓቱን የማሻሻያ እንጂ የመሰረዣ ምክንያቶች አይደሉም። ጣራው ሲያፈስ ጣራው ይጠገናል እንጂ ቤቱ አይፈርስም።

ምን ይደረግ?

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ ለመምህሮቻችንና ለሠልጣኝ ወንድሞችና እኅቶች እናቀርባለን።

1ኛ/ ክፍለ ጊዜው ይቀጥል። የሒሳብ ማጠናከሪያ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይጀመር፤ እኛም ከአጣናው ሥር የምንለማመደው በሙሉ እንመዘገባለን።

2ኛ/ በመስኮቱ ላይ መጋረጃ ይደረግ፤ ሴቶች ከፈለጉ የራሳቸው ሰዓት ይኑራቸው። የሚወዛወዝ ሰው ሱሪ ወይም ቱታ ይልበስ።

3ኛ/ ከዙር በፊት ቢያንስ 10 ደቂቃ ሰውነት ይሟሟቅ። የተጎዳ ሰው መቆምንና የእጅ ተራውን ብቻ ይለማመድ፤ ትምህርቱ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

4ኛ/ ጥንድ ጥንድ ሆነን እንሥራ፤ አንዱ ይሞክር፣ ሌላው ይቁጠር። በወደቀ ሰው ላይ መሣቅ በክፍሉ ክልክል ይሁን።

5ኛ/ የትምህርት ዕቅድ ስናዘጋጅ «ምን ድጋፍ እሰጣለሁ? መቼ እነሣዋለሁ?» የሚሉ ሁለት መስመሮችን እንጨምር። ለየትኛውም የትምህርት ዓይነት ይሠራል።

6ኛ/ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ የባሌት ዙርን በልጆች ላይ አንጫን። ለነሱ በአንድ እግር መቆም፣ ሩብ ዙር፣ ከእስክስታው ጋር የተስማማ እንቅስቃሴ ይበቃል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባት የሚባል ትምህርት አለ፤ ሰዓቱን «ውጡና ተጫወቱ» ብሎ ማሳለፍ ልጆቹን ከድርሻቸው ማጉደል ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ይህን ተረት ሁላችንም ከልጅነት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለተማሪዎቻችንም መንገራችን አይቀርም። ነገር ግን ልጁን «ቀስ በቀስ» ብሎ መምከር አንድ ነገር ነው፤ ቀሱ ከየት ተነሥቶ በየት በኩል እንደሚሄድ ማሳየት ሌላ ነው። ተረቱን የምንነግረው ሰዎች መንገዱን አንድ ጊዜ በእግራችን ልንሄድበት ይገባል።

ይህ የእኛ አስተያየት ነው። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጽፋችሁ ከዚህ ጽሑፍ ጎን ለጥፉ፤ ቦታ ትተንላችኋል። ከመጻፋችሁ በፊት ግን ኀሙስ ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ብቅ በሉ። አጣናው ለሁሉም ይበቃል፤ የምንጠይቃችሁም አንድ ነገር ብቻ ነው፣ በአንድ እግራችሁ እስከ ሀያ ቁጠሩ።